የተሽከርካሪ ለውጥ፣ የአምራች ዋስትና እና ሕጋዊነት በኢሉባቦር

የተሽከርካሪ ለውጥ (በጋራዥ ቋንቋ «ሞዲፋይ ማድረግ») አንድ ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር፣ አካል፣ የወንበር ብዛት፣ ጎማ፣ መብራት ወይም የኤሌክትሪክ መስመር መቀየር ወይም በላዩ ላይ መጨመር ነው። ለውጡ ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሳል፦ ከሻጩ ወይም ከአምራቹ የተሰጠው ዋስትና ይጸናል ወይ? ተሽከርካሪው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ ይፈቀድለታል ወይ? አደጋ ቢደርስ የመድን ውሉ ይሠራል ወይ? የመጀመሪያው በሽያጭ ውል፣ ሁለተኛው በትራንስፖርት ሕግ፣ ሦስተኛው በመድን ውል የሚመለስ ስለሆነ በአንዱ በኩል ያለፈ ለውጥ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

የአካባቢው ሁኔታ

መቱ የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው ቡና አምራች፣ ደናማ፣ ኮረብታማና ዝናብ የሚበዛበት ነው። ከመቱ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጎሬ ደጋ ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ጭነት ለመጨመር ባሌስትራ መደረብ፣ የጭነት ሳጥን ማስረዘም፣ ፖርቶመጋላ መግጠም ወይም ትልቅ ጎማ ማድረግ ጥቅም ይመስላል። በከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ፣ ተጨማሪ መብራትና መቀመጫ ይገጠማል።

በኢትዮጵያ በስፋት ከሚታወቁት ለውጦች አንዱ «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስ ነው። ለጭነት በተሠራ ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የአውቶቡስ አካል ተሠርቶ ይገጠምበታል። ሌላው የመሪ ዝውውር ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስለተሻገረች መሪያቸው በቀኝ በኩል የነበሩ መኪኖች መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ አገር ውስጥ የገቡበት ጊዜ አለ።

የአምራች ዋስትና

የአምራች ዋስትና (ዋራንቲ) በተወሰነ ጊዜ ወይም ኪሎ ሜትር ውስጥ በቁሳቁስ ወይም በአሠራር ጉድለት የተበላሸን ዕቃ በነፃ ለመጠገን ወይም ለመቀየር የሚገባ ቃል ነው። ከመድን የሚለየው አደጋን ሳይሆን የፋብሪካ ጉድለትን በመሸፈኑ ነው። አብዛኛዎቹ የዋስትና ደብተሮች ካልተፈቀደ ለውጥ፣ ከልክ በላይ ከመጫን ወይም ወቅቱን ካልጠበቀ ሰርቪስ የመጣን ብልሽት አይሸፍኑም።

ዋናው ጥያቄ በለውጡና በብልሽቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ለምሳሌ ለድምፅ ማጉያ ኃይል በቀጥታ ከባትሪ ያለ ፊውዝ ከተወሰደ ሽቦው ሊግልና መስመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ሻጩ የኤሌክትሪክ ክፍሉን አልጠግንም ለማለት ምክንያት ያገኛል። በዚሁ ተሽከርካሪ የካምቢዮ ጥርስ ቢሰበር ግን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ይህን ልዩነት አስቀምጧል፤ አምራቹ ሌላ ድርጅት የሠራው ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን መንፈግ አይችልም፣ ጉዳቱ ከዚያ ዕቃ መምጣቱን ማሳየት አለበት።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በዋስትና ያገኘው መብት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ዕቃው በገዥው እጅ ከተቀየረ ግን ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት የነበረ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

የመንገድ ሕጋዊነት

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመዘገብ፣ ሰሌዳ እንዲይዝና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ ቀለሙንና የመጫን አቅሙን ይይዛል። ስለዚህ ሞተር መቀየር፣ አካል መለወጥ፣ ቀለም መቀየር ወይም ወንበር መጨመር የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለንብረቱ መዝጋቢውን አካል ማስፈቀድና ሊብሬውን ማስተካከል አለበት። በሊብሬው ላይ ያለው ከተሽከርካሪው ጋር ካልተስማማ ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ማግኘት ያስቸግራል፣ መኪናውን መሸጥም እንዲሁ።

ከቁጥጥሩ በስተ ጀርባ የደኅንነት ምክንያት አለ፦

ጭነት፦ ባሌስትራ መደረብ መኪናው እንዳይጎብጥ ያደርጋል እንጂ የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። በአንድ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበትም በእጥፍ ይጨምራል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ፦ በፖርቶመጋላ ላይ የተቆለለ ጭነት የክብደቱን ማዕከል ወደ ላይ ስለሚያወጣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል።

ጎማ፦ የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ሲጨምር ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

መቀመጫ፦ በከተሞች የተለመደው ባጃጅ ለአሽከርካሪውና ለሦስት ተሳፋሪዎች የተሠራ ነው። ከአሽከርካሪው ጎን የሚጨመር መቀመጫ የመሪውን እንቅስቃሴ ያጣብባል።

መብራት፦ ያለ ልክ የተገጠመ ፓውዛ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ያሳውራል፤ በጭጋግና በዝናብ ጊዜ ብርሃኑ ወደ ራሱ አሽከርካሪ ይመለሳል።

መድን

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለሁሉም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው። ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት እንጂ የባለንብረቱን መኪና አይሸፍንም። ባለንብረቱ በፈቃዱ የሚገባው ሰፊ የመድን ውል በበኩሉ የተመሠረተው መኪናውን በተመለከተ በተሰጠው መግለጫ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስጋትን የሚጨምር ለውጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ይጠይቃል። ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና ወንበር ተጨምሮበት ሰው በክፍያ ሲጭን ቢጋጭ፣ ኩባንያው ካሳውን ለመቀነስ ወይም ለመከልከል ሊከራከር ይችላል።

ለውጥ ከማድረግ በፊት

ባለንብረቱ የዋስትና ደብተሩን የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ማንበብ፣ ከሻጩ ወይም ከወኪሉ ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ለውጡ ሊብሬውን የሚነካ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መዝጋቢውን አካል ማነጋገር፣ ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ፣ የሠራውን ጋራዥ ደረሰኝና የወጣውን ዕቃ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የወንበር ብዛቱንና ቀለሙን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር አለበት፤ ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ችግሩ ከቀድሞው ባለቤት ወደ አዲሱ ይተላለፋልና።