ሰብዓዊ ክብርና ዘረኝነት በካቶሊክ ትምህርት፦ ሀዋሳና አካባቢዋ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል እንደተፈጠረ፣ ክብሩም በቆዳ ቀለም፣ በጎሣ፣ በሙያ ወይም በትውልድ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ ታስተምራለች። ይህ ትምህርት በሀዋሳና በዙሪያዋ የገጠመው ፈተና አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከሚታወቀው ይለያል፤ እዚህ ሰውን ከሰው ሲለይ የኖረው ከቀለም ይልቅ የዘር ሐረግ፣ የእጅ ሥራና ብሔር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሀዋሳ ሀገረ ስብከት ግን ሲዳማን፣ ጌዴኦንና ጉጂን በአንድ ጳጳስ ሥር ስለሚይዝ፣ ጥያቄው ከደጁ ርቆ አያውቅም።

የሀገረ ስብከቱ አነሳስ ራሱ ከዘረኝነት ታሪክ ጋር ተነካክቷል። ቀዳሚው የነጌሌ ሐዋርያዊ አስተዳደር መጋቢት 16 ቀን 1929 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች፤ የየካቲት 12ቱ የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ አምስት ሳምንት አልሞላም። ወር ሳይቆይ ደግሞ የሮም መንግሥት፣ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር አዋጅ አወጣ። በዚያው መጋቢት 5 ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ለጀርመን ካቶሊኮች በጻፉት መልእክት ዘርንና መንግሥትን እንደ ጣዖት ማምለክን አውግዘው ነበር። ለኢትዮጵያውያን ግን በዚያው ጽናት የተናገረላቸው አልነበረም። እንዲያውም የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. በካቴድራላቸው ባሰሙት ስብከት ወረራውን ለሃይማኖትና ለሥልጣኔ በር የሚከፍት ዘመቻ አድርገው አወድሰዋል። በዚህ ምድር ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ የእኩልነት ትምህርት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ማለፍ የለበትም።

ትምህርቱ በወረቀት ላይ ከዚያ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ጳውሎስ 3ኛ በ1537 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነፃነታቸውንና ንብረታቸውን እንዳይነጠቁ አዘዋል፤ ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1839 እ.ኤ.አ. የባሪያ ንግድን አውግዘዋል። በአንጻሩ ኒኮላስ 5ኛ በ1452 እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋል ንጉሥ በሰጡት ደብዳቤ ሰዎችን ወደ ባርነት ማስገባትን ፈቅደው ነበር። ቫቲካን በእንዲህ ዓይነት ደብዳቤዎች ላይ ተመሥርቶ ቅኝ ግዛትን ሲያጸድቅ የኖረውን አስተሳሰብ በይፋ የካደችው በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ነው። በጣም ዘግይቷል።

ከነጻነት በኋላ የሲዳማን ሥራ ያስፋፉት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የመጡት የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን ናቸው። የማኅበሩ መሥራች ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ (1831–1881 እ.ኤ.አ.) በሱዳን ያገለገሉ፣ የባሪያ ንግድን የተቃወሙና አፍሪካ በራሷ ልጆች እጅ ትነሣለች የሚል ዕቅድ የነደፉ ኢጣሊያዊ ነበሩ። የሀገረ ስብከቱ መንበር በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተችው አዲስ ከተማ ተዛውሮ በ1962 ዓ.ም. ስሙ በሀዋሳ ተተካ። በ1971 ዓ.ም. በጳጳስ ወደሚመራ ሐዋርያዊ አስተዳደር ሲያድግ አቡነ አርሚዶ ጋስፓሪኒ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ።

ዛሬ የሚጠቀሰው ትምህርት በአብዛኛው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ፍሬ ነው። ጉባኤው በ1965 እ.ኤ.አ. በጾታ፣ በዘር፣ በቀለም፣ በማኅበራዊ ደረጃ፣ በቋንቋ ወይም በሃይማኖት የሚደረግ መድልዎ ከእግዚአብሔር ሐሳብ ጋር ስለሚቃረን መወገድ እንዳለበት ደነገገ፤ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስም ይህንኑ በቁጥር 1935 ይደግመዋል። ለሀዋሳ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቫቲካን የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰነድ ነው። ሰነዱ ስለ አፓርታይድና ስለ ጸረ አይሁድነት ብቻ አይናገርም፤ የራስን ወገን የሁሉ መለኪያ ማድረግንና ድሃን ወይም ዝቅተኛ ሠራተኛን እንደ ሰው አለመቁጠርን በዘረኝነት መልኮች ውስጥ ያስገባል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ የቫቲካን ሰነድ ደግሞ ይህ ክብር ሰው በሚያደርገውም ሆነ በሚደረግበት ነገር እንደማይጠፋ ያስረዳል።

በሲዳማ የዚህ ሁሉ መፈተኛ ሀዲቾ ናቸው። በነባሩ ሥርዓት ወላቢቾ የሚባሉት መሬትና ከብት ያላቸው ጎሣዎች የበላይ ሲሆኑ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ቱምቲቾ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ በታች ተመድበው ኖረዋል። በጉራጌ ፉጋ፣ በካፋ ማንጆ በሚባሉት ወገኖች ላይ የደረሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሀዲቾ ሴት ጭቃውን ቆፍራ ታመጣለች፤ ታቦካለች፤ በእጇ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ ካደረቀች በኋላ በእሳት ተኩሳ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ታወርዳለች። ገዢው ድስቱንና ጀበናውን ቤቱ ያስገባል፤ በእጇ ከተሠራው ገበታ ይበላል። ሠሪዋን ግን በልማዱ መሠረት ከቤቱ አያስገባትም፤ አብሯት አይበላም፤ ልጇንም ለልጁ አያጭም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ፣ ቡርሳሜ የተባለው ምግብ የሚቀርብበት ሻፌታ ሳይቀር የሸክላ ሥራ ነው። ይህን የመሰለ ግልጽ ግፍ ስም ሳይሰጠው ለዘመናት መኖሩ ሊያሳዝን ይገባል።

በሕግ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በዘርም ሆነ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። በካቶሊክ እምነት ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ እስከ ቅዱስ ቁርባን ይደርሳል፦ በአንድ መንበረ ታቦት የቆረቡ ሰዎች ውጭ ወጥተው ቡና አብረው መጠጣት ከተጸየፉ፣ ሥርዓቱን ራሱን ይቃረናሉ። ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ልጆች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ወንበር ሽማግሌዎች ያላፈረሱትን አጥር ሊያላላ ይችላል።

የብሔር ግጭት ሌላው ፈተና ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጨምበላላ በዓል ሰሞን በሀዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፣ ቤቶች ተቃጥለዋል። በዚያው ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል፤ አጥቂውም ተፈናቃዩም፣ ካቶሊክ ከሆነ፣ የአንድ ሀገረ ስብከት ምእመን ነበር። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ከክልልነት ጥያቄው ጋር በተያያዘ እንደገና ደም ፈሰሰ፤ ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ ሲዳማ በሰኔ ወር ክልል ሆነ። በአገር ደረጃ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመውን የእርቀ ሰላም ኮሚሽን በሰብሳቢነት መርተዋል። ኮሚሽኑ የሥራ ዘመኑን የፈጸመው አገሪቱ በሰሜኑ ጦርነት ላይ ሳለች ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የሰውን ክብር ከፅንስ እስከ ተፈጥሯዊ ሞት በአንድነት ስለምታየው፣ ዘረኝነትን ከውርጃና ከሞት ቅጣት ጥያቄ አትነጥልም። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የፈቀዳቸውን የውርጃ ሁኔታዎች አትቀበልም፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የሞት ቅጣት በየትኛውም ሁኔታ ተቀባይነት እንደሌለው ታስተምራለች። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የቤተ ክርስቲያኒቱ የቡሹሎ ጤና ጣቢያ እናቶችን ማዋለዱ የዚሁ አመለካከት ተግባራዊ ገጽ ነው።

ቀሪው ጠጣር ጉዳይ ጋብቻ ነው። የ1983 እ.ኤ.አ. የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 1058 ሕግ ያልከለከለው ሰው ሁሉ ማግባት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከሚቆጥራቸው እንቅፋቶች መካከል ጎሣም፣ ሸክላ ሠሪነትም፣ ብሔርም የሉበትም። እንግዲህ አንዲት የሀዲቾ ልጅና አንድ የወላቢቾ ልጅ ተፈቃቅደው ወደ ቆሞሱ ቢሄዱ፣ በትውልዳቸው ምክንያት ሊመልሳቸው የሚችልበት አንቀጽ የለውም። ሽማግሌ የሚልኩትና ጥሎሽ የሚቀበሉት ግን ቤተሰቦቻቸው ናቸው።