ቢጫ መንቁር ጭልፊትና ጥቁር ጭልፊት፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰማይ መለያቸው ምን ይሁን?

በመካኒሳና በጀሞ ሥጋ ቤቶች አናት ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ወፍ ይቆጠራል። የሚለየው ሲገኝም መንቁሩን ብቻ ያያል። ይህ መጣጥፍ ሁለቱንም ልማዶች ይሞግታል።

የስያሜው ታሪክ አያከራክርም። ቦዳርት ጥቁሩን ጭልፊት እ.ኤ.አ. በ1783 ሰየመ፤ ግመሊን የግብፁን ቢጫ መንቁር በ1788፤ ዶዳን ደግሞ ለቫያን በደቡብ አፍሪካ የገለጸውን በ1800። ጥቁሩና ቢጫ መንቁሩ በመጠን ተቀራራቢ ስለሆኑ መጠን ብቻውን አይለያቸውም።

ክርክሬ ከሌስሊ ብራውንና ከዲን አማዶን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የዓለም አዳኝ አዕዋፍ ጥናት ቢጫ መንቁሩን ከጥቁሩ ጭልፊት ንዑስ ዝርያዎች ጋር ደመሩት። ብራውን ኢትዮጵያን በእግሩ ያጠና፣ በ1971ም ከኤሚል ኧርባን ጋር የአገሪቱን የአዕዋፍ ዝርዝር ያሳተመ ሰው ነው፤ ቃሉ የከበደውም በዚህ ነው። የለቫያንን ወፍ ግን ዶዳን ራሱን አስችሎ ሰይሞት ነበር፤ ድምሩ ይህን ቀደምት ምስክርነት ወደ ጎን ተወው። ጄፍ ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ2005 ያወጡት የዘረ መል ጥናትም የአፍሪካው ቢጫ መንቁር ከአውሮፓና ከእስያው ጭልፊት የተለየ የዘር ሐረግ እንዳለው አሳየ።

ከዚህ የሚብሰው የመስክ ስህተቱ ነው። መብራት ምሰሶ ላይ ያረፈ የጎለመሰ ቢጫ መንቁር መንቁሩ እስከ ጫፉ ቢጫ፣ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ፣ ራሱም ከገላው ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የጎለመሰው ጥቁር ጭልፊት መንቁሩ ጠቁሮ ሥሩ ላይ ያለው ቆዳ ብቻ ቢጫ ይሆናል፤ ራሱ ግራጫ ቀመስና ጭረት የበዛበት፣ ዓይኑም ፈዛዛ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ የተፈለፈለ ቢጫ መንቁርም መንቁሩ ጥቁር ነው። በመንቁር ብቻ የሚመዘግብ ሰው እዚሁ ባሕር ዛፍ ላይ ያደገውን ወጣት ወፍ የአውሮፓ እንግዳ አድርጎ ይጽፈዋል።

ስለዚህ የጭልፊቱ ዕድሜ ይቅደም። ለጎለመሰው የዓይንና የራስ ቀለም፣ ለወጣቱ የጅራት ቅርጽና የሆድ ጭረት ይታይ፤ ቢጫ መንቁሩ ጅራቱ ጠለቅ ብሎ የተሰነጠቀ ሲሆን፣ ወጣቱ ጥቁር ጭልፊት ደረቱና ሆዱ በፈዛዛ ጭረት የተሞላ ነው። ወሩም ይመዝገብ፦ ጥቁሩ ጭልፊት በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመለሳል። በሐምሌና በነሐሴ የሚታይ ባለ ጥቁር መንቁር እንግዳ ከመባሉ በፊት የአገሬው ወጣት መሆኑ ይጠርጠር።

«ጅራት ሲዘረጋ ስንጥቁ ይጠፋል» የሚል ይኖራል፤ እስኪያጥፈው መጠበቅ ነው። «ያልጎለመሱ ጥቁር ጭልፊቶች አፍሪካ ይከርማሉ» ለሚለውም፣ ጥቂቶች ደንቡን አያፈርሱም። በእርግጥ ድምዳሜዬ በሰፊ ቆጠራ መፈተን አለበት፤ የመንቁሩ መመዘኛ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከወዲሁ ግልጽ ነው።

ነገሩ ከስም ጥያቄ ያልፋል። አንዱ ጎጆውን እዚሁ ይሠራል፤ የሌላው መራቢያ ከባሕር ማዶ ነው። በኅዳር ተደባልቀው ሲቆጠሩ የእንግዳው ብዛት የአገሬውን መመናመን ሊሸፍን ይችላል። በመንቁር ብቻ የተለዩ የከተማችን መዝገቦች ዕድሜንና ወርን ይዘው እንደገና እስኪመረመሩ ድረስ የማስረጃነት ዋጋ ሊሰጣቸው አይገባም።