ጎበዝና ሰነፍ የተባሉት፤ የዋሽንግተኑ ድልድል

ልጅን እንደ ችሎታው መድቦ ማስተማር በወሬ ደረጃ ማንም የሚጠላው ነገር አይደለም። ፈጣኑ ለምን ይታሰር፣ ዘገምተኛውስ ለምን ይዋከብ? የኛም የቄስ ትምህርት ቤት ቢሆን ፊደል የለየውን ወደ ንባብ፣ ንባብ የያዘውን ወደ ዳዊት ሲያሻግር «ዕድሜህ ስንት ነው?» አይልም ነበር። እኛ ግን ነገሩን በወሬ ሳይሆን በተሠራበት ቦታ ለማየት መረጥን፤ ቦታውም የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ነው።

በዚያች ከተማ የጥቁርና የነጭ ልጆች እስከ 1954 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በየራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለያየቱን ሻረው። ልጆቹ ተቀላቅለው ሲፈተኑ ግን ብዙዎቹ ጥቁር ተማሪዎች በንባብና በሒሳብ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ይሄ ምን ይገርማል! በተጨናነቀና በጀት በጎደለው ትምህርት ቤት የኖረ ልጅ ምን ሆኖ ይምጣ? መድኃኒት ተብሎ የቀረበው «ትራክ» የተባለ ድልድል ነበር። በ1956 በሁለተኛ ደረጃ ተጀመረ፣ በ1959 ወደ አንደኛ ደረጃ ወረደ። በዚህም ሕፃናቱ የላቁ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ተብለው ተከፈሉ። የሥርዓቱ አባት በ1958 የከተማው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የሆነው ካርል ሃንሰን ነው። ሰውየው ክፉ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚመጥነውን እሰጣለሁ ባይ ነበር።

የነገሩ መርዝ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ልጁ የሚመደብበት ፈተና በአብዛኛው ለመካከለኛ ኑሮ ነጭ ልጆች ተለክቶ የተሰፋ ነው። የድሀው ልጅ ይፈተናል፣ ይወድቃል፣ ዝቅተኛው ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ቀጠን ያለ ነው። ጓደኞቹ በዓመቱ ሲገሰግሱ እሱ ባለበት ይረግጣል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና መውደቁ አይቀርም። ከዚያ በኋላ «አላልንም?» ይባላል። ወደ ላይ የሚሻገረው ጥቂት ነበር። በአንዳንድ የድሆች ሰፈር ትምህርት ቤቶችማ የላቁ የሚባለው ክፍል ጭራሽ አልነበረም፤ የሚሻገርስ ወዴት ይሻገር? የሰፈሩ ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር በዝቅተኛው ትራክ ያሉት ይበዙ ነበር። ክፍል ሲሉት መደብ ሆኖ ተገኘ።

በ1965 ወደ ዝቅተኛው የተመደቡና ሊመደቡ የታጩ 1,272 ልጆች በሥነ ልቦና ባለሙያ እንደገና ሲመረመሩ 820ዎቹ ያለ ቦታቸው የተቀመጡ ሆኑ። ከሦስት ልጅ ሁለቱ ማለት ይቻላል!

ጁሊየስ ሆብሰን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በስታቲስቲክስ ሥራ የሚተዳደር ጥቁር የመብት ታጋይ ነበር። እሱና ሌሎች ወላጆች በ1966 ከሰሱ፤ ትልቁ መሣሪያቸውም መፈክር ሳይሆን የከተማው የራሱ ቁጥር ነበር። ዳኛው ስኬሊ ራይት ሰኔ 19 ቀን 1967 ፈረደ፤ ትራኩ ይቅር አለ። ልብ እንበል፤ ልጆችን በችሎታ መመደብን በጅምላ አላወገዘም። ያወገዘው ችሎታን ሳይሆን ድህነትንና ቀለምን የሚለካውን፣ ዝቅ ያደረገውን ልጅ መልሶ የማያነሣውን ድልድል ነው። የትምህርት ቦርዱ ይግባኝ አልልም ሲል ሃንሰን በሐምሌ ወር ሥራውን ለቀቀ።