ማሳውን የሚጠብቅ ዓሣ

ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ገበሬው ማሽላ ይዘራል፣ ፍየልና ከብት ያረባል፤ የአካባቢው ወንዞች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ናቸው። ስለ ባሕር ዓሣ የሚተርክ ጽሑፍ ከዚህ መነሣቱ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው። በድሬዳዋ ዙሪያ ገደሉንና ዋሻውን የሠራው የኖራ ድንጋይ በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ የምሥራቅ ኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ባሕር ሸፍኖት ነበር። ድሬዳዋ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሲሚንቶ ፋብሪካ ባለቤት የሆነችውም ከዚያ ባሕር የተረፈው ድንጋይ ስላላት ነው።

ያ ባሕር ሸሸ። ብዙ ቆይቶ ምድር ተሰንጥቃ ሌላ ባሕር ተከፈተ፤ ቀይ ባሕር። በዚህ ባሕር የኮራል ቋጥኞች ላይ የሚግጡት ታንግ የተባሉት ዓሦች ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች አብዝተው የሚመኟቸው፣ አብዝተውም የሚቸገሩባቸው ናቸው። ቤተሰቡ ከ80 በላይ ዝርያዎች አሉት። የሁሉም ምልክት አንድ ነው፤ በጅራታቸው ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ ዝርያው አንድ ወይም ከዚያ በላይ የተሳለ አጥንት አለ። ታንግ ሲቆጣ ጎኑን ሰጥቶ ጅራቱን ይወነጭፋል፤ የተመታው ዓሣ ቅርፊቱ ተገፎ ቆዳው ይቀደዳል። በጠባብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይህ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ታንግ የሚያሳድግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ «የትኛው ከየትኛው ጋር ይስማማል?» የሚል ነው። መልሱ በአንድ ቀን አልተገኘም። ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቷል፤ ከፊሉም የተገኘው ኢትዮጵያ በቅርብ በምታውቀው ባሕር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሞተ ዓሣ ቆዳ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር የላከው የምሁራን ቡድን ከኮፐንሃገን ተነሣ። በቡድኑ ውስጥ የካርል ሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል አለ። ፎርስኮል በስዊዝ፣ በጅዳና በየመን ዳርቻዎች ዓሣ ከአጥማጆች እየገዛ የአንዱን ጎን ቆዳ ገፎ፣ እንደ ዕፅዋት ቅጠል በወረቀት መሐል እየተጫነ ያደርቀው ነበር። የዓሣዎቹንም የዓረብኛ ስም ከአጥማጆቹ እየጠየቀ መዘገበ፤ ሶሃል የተባለው ታንግ እስከ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ፎርስኮል በ1763 በየመን ተራሮች ላይ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 አሳተመ። ሶሃል፣ ቡናማው ታንግና ግንባሩ ላይ ቀንድ ያለው ናሶ ለዓለም የተዋወቁት በዚያ መጽሐፍ ነው። ከደረቁት ቆዳዎች ብዙዎቹ ዛሬም በኮፐንሃገን ሙዚየም አሉ።

ቀጣዮቹ ተጓዦች ወደ ምጽዋ ቀረቡ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪች ከባልደረባው ክርስቲያን ኤረንበርግ ጋር የቀይ ባሕርን እንስሳት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1825 በምጽዋ በትኩሳት ሞተ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ግን ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉም የቀረበ ሰው ነው። ሩፔል በመጀመሪያው ጉዞው የቀይ ባሕርን ዓሦች ሰብስቦ ስዕላቸውን አሳትሞ ነበር፤ ጅራቱ ሥር ብርቱካናማ ስለት ያለውን፣ ዛሬ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች እጅግ የሚወዱትን ውብ ናሶ በ1829 በሳይንስ ስም የሰየመው እሱ ነው። ከዚያም በ1831 ምጽዋ ወርዶ ወደ ደጋው ወጣ፤ በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ገባ፣ የግዕዝ ብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ተመልሶ ከ1835 ጀምሮ በክፍል በክፍል ያሳተመው ሥራ ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። በዚያው ሥራ ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሦችም ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። የሰሜን ተራራ እንስሳና የዳህላክ ባሕር ዓሣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሥራ መጻፋቸው የሚገባውን ያህል አይታወስም። ዋልያን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም፤ ናሶን የሚያውቅ ግን ምን ያህል ይሆን?

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ዓሣውን ያዩት ከውሃ ከወጣ በኋላ ነው። ቀለሙን፣ ክንፉን፣ የስለቱን ቅርጽ በትክክል ጻፉ፤ ጠባዩን ግን ማየት አልቻሉም። ሶሃል ከማን ጋር እንደሚጣላ ለማወቅ ሰው ራሱ ውሃ ውስጥ መግባት ነበረበት።

በዚህ መሐል ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያ በፊት የሐረር ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በግመል፣ በጀልዴሳ ኬላ በኩል ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚለያት 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ብቻ ሆነ። የዋሂልና የጀልዴሳ ሰው ለዘመናት በእግሩ የሚያውቀውን የባሕር መንገድ ባቡሩ አሳጠረው። ሐምራዊ አካልና ቢጫ ጅራት ያለው የቀይ ባሕር ታንግ በጅቡቲ ዳርቻ ቋጥኞችም ላይ ይኖራልና፣ ድሬዳዋ ከኢትዮጵያ ትልልቅ ከተሞች ለታንግ ቤት ከቀረቡት አንዷ ናት ማለት ይቻላል።

የሰው ልጅ ጭምብል አጥልቆ ቋጥኙ አጠገብ የደረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1952 እና በ1953፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ወቅት፣ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ወራት አሳለፈ። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ ከዚያ ያመጣው በቀለም የተቀረጸ ፊልም «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ»፣ ማለትም ስድስተኛው አህጉር፣ በ1954 ወጣ። የዳህላክ ዓሣ በሕይወቱ፣ በገዛ ቋጥኙ ላይ፣ በሲኒማ ታየ። በ1962 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ወደዚያው ወደ ዳህላክ ተጉዘው የደቡብ ቀይ ባሕርን ዓሣ አጠኑ።

ወሳኙ ነገር ግን የተገኘው ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በሱዳን ዳርቻ ነው። ፒተር ቫይን የተባለው ተመራማሪ በ1974 ባሳተመው ጥናት ሶሃል ለምን እንደሚጣላ አሳየ። ሶሃል ማዕበል በሚመታው የቋጥኝ ጫፍ ላይ የራሱ ክልል አለው፤ በክልሉ ላይ የበቀለውን አልጌ የሚግጥ ሌላ ዓሣ ሲመጣ አባሮ ይመልሳል። በመጠበቁ ምክንያት በክልሉ ውስጥ አልጌው ከውጭ ካለው ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። የዋሂል ገበሬ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ እንደሚያባርር ሁሉ፣ ሶሃልም ማሳውን ነው የሚጠብቀው። ጠቡ ክፋት አይደለም፤ የምግብ ጉዳይ ነው። ይህ አንድ ሐሳብ ታንግን ስለ ማኖር የሚታወቀውን ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል፤ ምክንያቱም ታንግ አጥብቆ የሚጣላው እሱ የሚበላውን ከሚበላ፣ እሱን ከሚመስል ዓሣ ጋር ነው። ምግቡ የተለየ ጎረቤት አያስቆጣውም፣ ወይም ብዙም አያስቆጣውም።

በዚያው ቀይ ባሕር ሌላም ነገር ተገኘ። ሌቭ ፊሸልሰንና ባልደረቦቹ በ1985 በቡናማው ታንግ አንጀት ውስጥ ያለ መሣሪያ በዓይን ሊታይ የሚችል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር አገኙ። ብዙዎች ባክቴሪያ ይህን ያህል ሊያድግ አይችልም ብለው ሲጠራጠሩ ቆዩ፤ በ1993 በዘረመል ምርመራ ባክቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። ታንግ አልጌ በመፍጨት ሥራ እንዲህ ያሉ ነዋሪዎችን በሆዱ ተሸክሞ ይዞራል። ለሚያሳድገው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ይህ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የሚውል እንስሳ እንጂ በቀን አንዴ ሥጋ ተወርውሮለት የሚጠግብ አይደለም። የተራበ ታንግ ደግሞ ተጣይ ነው።

የመስታወቱ ሣጥን ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሄዷል። በ1853 በለንደን የእንስሳት መኖሪያ የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም ተከፈተ። በሥራው የተካፈለው ፊሊፕ ጎስ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው የሚያስጨንቀውን ጥያቄ በ1854 መለሰ፤ ጨዎችን በልክ በጨው አልባ ውሃ በማሟሟት ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ አዘጋጀ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ ሕያው ቋጥኝና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ የኮራል ገንዳ እንደሚሠራ አሳወቀ፤ በ1960ዎቹ የታሸገ የባሕር ጨው ገበያ ወጣ፤ የጀርመን አሳዳጊዎች ደግሞ ቆሻሻን በአረፋ የሚያጣራውን መሣሪያ አዳበሩ። አውሮፕላን ሕያው ዓሣን በፕላስቲክ ከረጢት ማድረስ ሲጀምር ታንግ ሳሎን ገባ። ከሃዋይ ቢጫው ታንግ፣ ከቀይ ባሕር ሐምራዊውና ሶሃል ተላኩ፤ በ1990ዎቹ ነጻ የወጣችው ኤርትራም ከምጽዋ የጌጥ ዓሣ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። በ2003 የወጣው የልጆች ፊልም ሰማያዊውን ታንግ በየቤቱ አስተዋወቀ። የጌጥ ዓሣ ፍላጎት ባሕሩን ይጎዳል በሚል በሃዋይ ክርክር ተነሥቶ በ2017 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያለ አካባቢያዊ ጥናት ማጥመድ እንዳይፈቀድ ወሰነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ በዚያው በሃዋይ ተመራማሪዎች ቢጫ ታንግን ከእንቁላል ጀምረው አሳድገው ነበር፤ ሰማያዊው በ2016 በፍሎሪዳ ተከተለ። ዛሬ ከባሕር ያልተነጠቀ ታንግ መግዛት ይቻላል፤ የሚችል ሰው ሁሉ እሱን ቢመርጥ ለባሕሩ ትልቅ ውለታ ነው።

ታዲያ ከድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ሆኖ የቀይ ባሕርን ታንጎች በአንድ ገንዳ ማኖር የሚፈልግ ሰው ይህን ታሪክ በሥራ ላይ ሲያውለው ምን ያደርጋል? ከውሃው ይጀምራል። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ከባድ ነው፤ ተጣርቶ ከታሸገ የባሕር ጨው ጋር መደባለቅ አለበት። የአፍዴራ ጨው ለወጥ የሚሆነውን ያህል ለዚህ አይሆንም፤ የባሕር ውሃ ማግኒዚየምና ካልሲየምም ይፈልጋል። በሙቀቱ ውሃው ሲተን ጨው ገንዳው ውስጥ ስለሚቀር፣ የጎደለው የሚሞላው በጨው አልባ ውሃ ነው። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ታንግ ደግሞ በማዕበል ጫፍ የለመደ ነውና መብራት ሲጠፋ የአየር መንፊያው በባትሪ መሥራት መቻል አለበት።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ሐምራዊውና ትልቅ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ዴዣርዲኒ ታንግ በቀይ ባሕር በአንድ ቋጥኝ ላይ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ወገን ስለሆኑና ቅጠላማ አልጌ ስለሚበሉ በጠባብ ቦታ ይፋለማሉ። ይልቁንስ ሐምራዊውን ከድንጋይ ላይ ደቃቅ ነገር በሚጠርገው በባለ ብሩሽ ጥርሱ ታንግ ጎን ማድረግ ይሻላል፤ ምግባቸውም አፋቸውም ይለያያል። ገንዳው ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፤ ታንግ በሊትር ብዛት ብቻ አይረካም፣ የሚዋኝበት ርቀት ይፈልጋል። ውብ ናሶ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከዚያም የሰፋ ቦታ ለሌለው ሰው አይመከርም። አዲስ የሚገቡት ሁሉ ቀደም ብለው በሌላ ገንዳ ለሳምንታት ይጠበቁ፤ ታንግ በነጭ ነጥብ በሽታ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ቶሎ ይያዛል። የደረቀ የባሕር አልጌ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ማዕዘን ይሰቀል፤ አንዱ ማሳ ሲጠበቅ ሌላው ክፍት ይሁን።

ዓሦቹ የሚገቡበት ጊዜና ብዛታቸውም ወሳኝ ነው። ሕንድና ሰላማዊ ውቅያኖሶች ውስጥ የሚኖረው ባለ መስመሩ ታንግ በመንጋ ሆኖ የጠባቂውን ክልል ጥሶ ሲግጥ ይታያል፤ ብቻውን ሲሆን ይባረራል። አሳዳጊዎችም የተለያዩ ታንጎችን ገና ትንሽ ሳሉ በአንድ ጊዜ ያስገባሉ፤ ማሳውን ቀድሞ የያዘ ስለሌለ አንዱ ሌላውን የሚያባርርበት ክልል አይኖረውም። ሶሃልን የሚፈልግ ግን ከሁሉም በኋላ ያስገባዋል። ከማስገባቱ በፊት ድንጋዮቹን እንደ አዲስ ደርድሮ የነባሮቹን ክልል ያፈርሳል፣ አዲሱን ለጥቂት ቀናት ቀዳዳዎች ባሉት ሣጥን ውስጥ አድርጎ ያሳያቸዋል፣ ሶሃል ማሳውን ሲያሰፋ ወደ ሌላ ገንዳ የሚወስድበትንም ቦታ አስቀድሞ ያዘጋጃል።