የሄኖክ ረጅም ቀን

ዓመቱ ተገባዶ ጳጉሜን በደረሰች ቁጥር የዘመን አቆጣጠር ነገር በየቤቱና በየዐውደ ምሕረቱ ስለሚነሣ፣ ይህም ዓምድ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ወደ ባሕረ ሐሳብ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 እንደሚሆኑ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን አንባቢ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ስለ ሆነ በዚያ ላይ አልቆይም። የዛሬው ነገሬ በአንድ የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተጻፈች አንዲት ቁጥርና እርስዋ በአውሮፓ ሊቃውንት መካከል ስላስነሣችው ክርክር ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ፣ አውሮፓውያን ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ብለው በከፈሉት ክፍል፣ መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት እንዴት እንዳሳየው ይተርካል። በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት የሰማይ ኆኃት አሉ፤ ፀሐይም በእነዚህ እየተመላለሰች ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው፤ ከእነዚህም አራቱን ቀኖች ሳይቈጥሩ የሚቀሩ ሰዎች እንደሚስቱ ይናገራል። ጨረቃ ብርሃንዋን ከፀሐይ እንደምትቀበል፣ ይኸውም ብርሃን በሰባት እጅ፣ እጁም ደግሞ በእኩሌታ እየተከፈለ በየሌሊቱ እየተጨመረላት ሙሉ እስክትሆን ድረስ እንደምታድግ፣ ከዚያም በዚያው መጠን እየጐደለች ወደ ጨለማ እንደምትመለስ ይገልጻል። ዛሬ ተማሪ ቤት የሚሰጠው ትምህርት፣ ማለት የጨረቃ አንድ ጐን ዘወትር በፀሐይ የበራ መሆኑንና እኛ ግን ከዚያ የምናየው መጠን በቆመችበት ስፍራ ልክ የሚለዋወጥ መሆኑን የሚያስረዳው፣ ከዚህ ቃል እጅግ የራቀ አይደለም።

ክርክር ያስነሣችው ቁጥር ግን ስለ ፀሐይ የተነገረችው ናት። መዓልትና ሌሊት በአንድነት 18 ክፍል ናቸው፤ ትክክል በሚሆኑበት ጊዜ ዘጠኝ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ ፀሐይ በስድስተኛው ኆኅት ስትደርስ ግን መዓልቱ 12፣ ሌሊቱ 6 ክፍል ይሆናል። ይህ በሰዓት ሲመነዘር የ16 ሰዓት መዓልትና የ8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው። መጽሐፉ ለዘመናት ሲገለበጥ በኖረበት በጐንደር ሰማይ ግን ረጅሙ መዓልት 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጐንደር ገብቶ፣ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂዎች ይዞ ነበር። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለኦክስፎርዱ ቦድልያን ተሰጠ፤ ሦስተኛው ከእርሱ ዘንድ ቀረ። ከኦክስፎርዱ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1821 የእንግሊዝኛውን ትርጕም ያወጣው የዕብራይስጥ መምህሩ ሪቻርድ ሎረንስ ነበረ።

ሎረንስ የሥነ ፈለክን ሕግ እንደ ዳኛ ይዞ መጽሐፉን መረመረ። ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ ከምድር ወገብ በራቅን መጠን የበጋው መዓልት ይረዝማል፤ ስለዚህ የአንድን አገር ረጅም ቀን ያወቀ ሰው አገሩ በስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ያውቃል። 12 ከ18 ማለት 16 ከ24 ማለት ነውና፣ ደራሲው የኖረበት አገር ከ45 ዲግሪ ሰሜን የማያንስ፣ ምናልባትም ከ49 የማይበልጥ መሆን አለበት ሲል ፈረደ። ይህም ከፍልስጥኤም ምድር አውጥቶ እስከ ጥቁር ባሕርና እስከ ካስፒያን ባሕር ሰሜናዊ ወገን አደረሰው፤ ደራሲውም የአሦር ንጉሥ ስልምናሶር ማርኮ ከወሰዳቸው ነገዶች ወገን ሳይሆን አይቀርም አለ። አካሄዱ ያማረ ነው፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። የተሳተው ደራሲው በዓይኑ ያየውን ቀን ለክቶ ጻፈ ብሎ ከመነሣቱ ላይ ነው።

ይህችው የሁለት እጅ ቁጥር በሌላ ስፍራ ተገኝታለችና። ሙል አፒን በሚባለው የመስጴጦምያ የከዋክብት ጽሑፍ፣ ቅጂዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ምዕት ዓመት በሸክላ በተጻፉት፣ ረጅሙ መዓልት 4 ምናን፣ ሌሊቱም 2 ምናን ውኃ ተመድቦለታል። በባቢሎን ግን ረጅሙ መዓልት 14 ሰዓት ከሩብ ያህል ስለ ሆነ የመዓልቱና የሌሊቱ እውነተኛ ንጽጽር ወደ ሦስት ለሁለት የቀረበ ነው። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1947 ለዚህ የሰጠው ፍቺ፣ ተቃዋሚ ባያጣም፣ ለእኔ ልብ የሚያሳርፍ ነው፦ ቁጥሩ የጊዜ ሳይሆን የውኃ ክብደት ነው። ጊዜ የሚለካበት፣ ከሥሩ የተበሳ ማሰሮ ሞልቶ ሳለ ውኃው ተገፍቶ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ሲጐድል ይዘገያል፤ ስለዚህ እጥፍ ውኃ የሚወርድበት ጊዜ እጥፍ ሳይሆን ከአንድ ተኩል ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ ይህም ከባቢሎን ሰማይ ጋር ይስማማል። ክብደቱ እንደ ጊዜ ተቈጥሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሄኖክ ረጅም ቀን ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን አራተኛ ዋሻ የዚህ ክፍል የአራማይስጥ ብጥስጣሾች ተገኙ፤ ሊቁ ሚሊክም በ1976 አሳተማቸው። ከሁሉ የሚቀድመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ የተጻፈ ነው። ከዚያ ወደ ጽርእ፣ ከጽርእም ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ ሙሉው የሚገኘውም በግዕዝ ብቻ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ የጸሓፊዎቻችን ታማኝነት ነው። እነዚህ ሰዎች ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱንም በ60 ካልኢት የሚከፍሉ፣ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡ፣ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርገው የሚቈጥሩ የሐሳብ ሊቃውንት ነበሩ፤ 364 የሚለውን ቃል ግን ሩቡን ጨምረው አላረሙትም። በደብሩ ቅጽር ሥር የሚያዩት መዓልት እጥፍ እንዳልሆነ ዓይናቸው እየመሰከረ፣ 12ና 6 የሚለውን ቁጥር ከአገራቸው ሰማይ ጋር ለማስማማት ብለው አልነኩትም። አንዱ ጸሓፊ ጐበዝ ነኝ ብሎ ቢያቃናው ኖሮ፣ ከባቢሎን ማሰሮ እስከ ጐንደር ብራና የተዘረጋው ክር በዚያው በተቈረጠ ነበር።

ዛሬ በእንጦጦ ራስ ላይ አንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተተኵሳለች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ማለዳ፣ ጨረቃ ከምድር ርቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ልትሸፍን ስላልቻለች፣ በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች። ዕለቱ፣ ሄኖክ መዓልቱ ከሌሊቱ እጥፍ ይሆንበታል ያለው፣ ፀሐይ በስድስተኛው ኆኅት የምትመላለስበት ወቅት ነበረ፤ በላስታ ተራሮች ላይ ግን ያን ቀን ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ገባችበት ድረስ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ሆነ።