ከካዱ ማሳ ወደ ቡታጅራ ጥያቄ

ለመሆኑ የአርሲ ገበሬ ከምርምር ጋር አይተዋወቅም የሚል ይኖር ይሆን? ካለ ስለ ካዱ አልሰማም ማለት ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተዋውለው የጭላሎን እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲያቋቁሙ፣ የስንዴው ዘርና የማዳበሪያው ነገር በእንግሊዝኛ ዘገባ ታትሞ ብቻ አልቀረም። ሞዴል ገበሬ ተመረጠ፤ ማሳው ላይ አዲሱ ዘር ተዘራ፤ ጎረቤት መጥቶ በዓይኑ አየ፣ ጠየቀ፣ ተከራከረም። ምርምር ወደ ሰፊው ሕዝብ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ካዱ እንከን አልነበረበትም ማለታችን ግን አይደለም። ማዳበሪያውና ትራክተሩ እርሻን አትራፊ ሲያደርጉት፣ ባለመሬቱ ራሱ ማረስ አማረውና ብዙ ጪሰኛ ከነቤተሰቡ ተነቀለ። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ኩንታሉ ተቆጠረ፤ የተነቀለው ሰው እንቅልፍ ማጣትስ በየትኛው መዝገብ ይገባል?

በዚያው ዘመን ስለ አእምሮ ጤናም ምርምር ተጀምሮ ነበር። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር በ1968 በግዮን (ወሊሶ) ስላለው የመንፈስ ፈውስ፣ በ1969 ደግሞ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስለሚታየው የአእምሮ ሕመም ጽፏል። የኋለኛው የወጣው በእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው። ታዲያ የትንሿ ከተማ ሰው ይሄን ከየት አግኝቶ፣ በምን ቋንቋስ ያነበዋል?

ትልቁ ሥራ ኋላ የመጣው የቡታጅራው ነው። ቡታጅራ ለአሰላ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ተወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ሲታለፍ፣ ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ ናት። እዚያ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 10,468 ጎልማሶችን 20 ጥያቄ ጠየቁ። ጥያቄዎቹ ከዓለም ጤና ድርጅት የተገኙ ይሁኑ እንጂ ማንኛዋም እናት ልትመልሳቸው የምትችል ናቸው፦ ራስ ምታት ያስቸግርዎታል? እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል? ምግብ አልበላ ይልዎታል? ሆድ ይብስዎታል? መልሱ አዎ ወይም የለም ነው። 11ና ከዚያ በላይ «አዎ» ያሉት ከመቶ 17.4 ሆነው ተገኙ። ውጤቱ በ1999 ታተመ፤ በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት።

እስቲ ቁጥሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ስድስት ሰው ቡና ለመጠጣት ቢሰበሰብ ከመካከላቸው አንዱ ይሄን ሁሉ ጭንቀት ይዞ ተቀምጧል እንደ ማለት ነው። ማን ይሆን? ጭንቀቱ በርክቶ የተገኘው በሴቶች፣ ፊደል ባልቆጠሩት፣ የትዳር ጓደኛ በሞተባቸውና በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። «ልቡ ደካማ ነው» እያልን የምናልፈው ሰው እኮ ቀድሞውኑም ሸክም የበዛበት ነው። ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጥያቄው የቀረበው አንድ ጊዜ ነውና፣ ችግሩ ጭንቀቱን አመጣው ወይስ ጭንቀቱ ችግሩን የሚለው በዚህ ቁጥር አይፈታም። ይሄን ሳይናገሩ ቁጥር ብቻ መበተን ሕዝብን ማስተማር አይባልም።

በዚያው በቡታጅራ፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች 178ቱን ጠይቀው ነበር። ሦስት አራተኛው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። በሌላም ጥናት የአገር አዋቂዎች ሲጠየቁ፣ ለአካል ሕመም ሐኪም ቤቱን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን የባህሉን መድኃኒት መርጠዋል።

ለአርሲ ሰው ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። አርባ ጉጉ ውስጥ ፈረቀሳ፣ የአዮ ሞሚና ደጅ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለቱን ይዞ የሚሄድበት ነው። የተማረው ክፍል ይህን በድንቁርና ፈርጆ ከጀመረ አንባቢውን ከመጀመሪያው መስመር ያጣዋል። ደግሞስ ሰው ወዴት ይሂድ ኖሯል? አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው ገና በ2003 ነው። ፈረቀሳ የሚሄደውን ሰው «አትሂድ» ከማለት «መድኃኒትህንም አትተው» ማለቱ ይሻላል ባዮች ነን።

የቀረው የቃል ጉዳይ ነው። ከተሜው አሁን «ድባቴ» የሚለውን ለምዶታል። አሰላ ገበያ ላይ ግን ሰዉ ሐሳቡን የሚጫወተው በኦሮምኛም ነው፤ «ያዶ» ይላል፣ «ዺጲና» ይላል፤ እነዚህም ከአማርኛው «ሐሳብ» እና «ጭንቀት» ጋር በልክ አይገጥሙም። ስለዚህ በአማርኛ ብቻ ጽፈን ሥራው አለቀ ብንል ራሳችንን ማታለል ነው። ሃያው ጥያቄና የቡታጅራው ውጤት በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ በእድር ቀን ይነበብ፤ አንዲት አሮጊት «ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ?» ያሉበት ቃል ይሰረዝና እሳቸው ራሳቸው በሚሉት ቃል ይተካ።