ከመቀነት እስከ እጅ ስልክ፦ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ የቁጠባና የብድር ጉዞ

የኢትዮጵያ አርሶ አደር ቤተሰብ ቁጠባን የተማረው ከባንክ አይደለም። ብሩ በእናት መቀነት ጫፍ ይቋጠራል፤ እህሉ በጎተራ ይከተታል፤ የተረፈው በግ ወይም ጥጃ ይገዛበታል። ችግሩ የሚመጣው ክረምት ላይ ጎተራው ሲጎድል ነው። ያኔ ብዙው ሰው በአራጣ ይበደርና ምርቱን ገና ከአውድማ ሳያነሳ ለአበዳሪው ያስረክብ ነበር።

በዚህ መካከል ወገን ለወገን የሚደርሰው በዕድርና በዕቁብ ነበር። ዕድር ለሐዘን ይደርሳል፤ ዕቁብ ደግሞ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተዋጣውን በዕጣ ለአንዱ አባል ይሰጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ግን ዋስ ጠርቶ ነው።

በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት በር ሲከፍት፣ የገጠሩ ብድርም በዚሁ ልማድ ላይ ቆመ። በዚያን ጊዜ አርሶ አደሩ መሬቱን በመያዣነት ማቅረብ ይችል ስላልነበር ጎረቤታሞች በቡድን ተደራጅተው እርስ በርስ ዋስ ሆኑ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ደግሞ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት መስፋፋት ሕጋዊ መሠረት ጣለ። በእነዚህ ማኅበራት አባሉ ቆጣቢም፣ ተበዳሪም፣ ባለቤትም ነው።

ቀጥሎ ተራው የስልክ ሆነ። እንደ ኤምብርና ሄሎካሽ ያሉት አገልግሎቶች ቀድመው የጀመሩትን ሥራ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ አሰፉት። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ብር መላክና መቀበል ተቻለ። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀመረ።

በስልክ ብድር ዋሱ ጎረቤት ሳይሆን የተበዳሪው የገንዘብ እንቅስቃሴ መዝገብ ነው። ጎረቤት በሬው እንደሞተ፣ ዝናቡ እንደቀረ ያውቃል፤ መዝገቡ የሚያውቀው የመክፈያውን ቀን ነው። በዕቁብ በራሷ ስም ትቆጥብ የነበረች እናትም፣ የቤቱ ስልክ በባሏ ስም ብቻ ከተመዘገበ ከመዝገቡ ውጭ ትቀራለች።

በመሆኑም ማኅበራት የምርት ሽያጭ ክፍያን በስልክ ሲፈጽሙ፣ ባልም ሚስትም በየስማቸው ሒሳብ እንዲኖራቸው፣ የምስጢር ቁጥራቸውንም ለማንም እንዳይሰጡ፣ ከመበደራቸው በፊት የአገልግሎት ክፍያውን አስልተው እንዲያውቁ የማስተማር ኃላፊነት አለባቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑ በስልክ ዘመንም አልተለወጠም።